ጥያቄው ከሚኒሶታ መጥቶ ጅማ ሲያድር፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በቤት ጥናት እንዴት ማንበብ ይቻላል

ባለፈው ክረምት አንድ የቴሌግራም ድምፅ ደረሰኝ። የላከችው ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኳት፣ አሁን ሚኒሶታ በነርስነት የምትሠራ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ እዚህ የምሄድበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ቅዳሜ ዕለት ሁለት ወንዶች አጋባ። በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ቡና ላይ፣ በአንቺ አገር ይህን እንዴት ታዩታላችሁ አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል?»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ስለ ሰዶም እሳትና ዲን አራት ደቂቃ ተናግሬ ላክሁላት። በማግስቱ የመጣልኝ መልስ አንድ ጥቅስ ብቻ ነው፦ ሕዝቅኤል 16፥49። ገልጬ አነበብኩት። ነቢዩ የሰዶምን ኃጢአት ሲቆጥር ትዕቢት፣ እንጀራን መጥገብ፣ ሥራ መፍታት፣ የድሀውን እጅ አለማበርታት ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ተማሪ እንዲህ አርሞኝ አያውቅም።

የተሳሳትኩበትን ለማወቅ ጥቂት ቀን ፈጀብኝ። ጅማ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተከራክሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም፣ መስጊድ የሚሄደው ጎረቤቴም ቃላቸው አንድ ነው። ከተማው በሙሉ የተስማማበትን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አስረድቶ ስለማያውቅ፣ አስረዱ ስንባል አፋችን ይተሳሰራል። ልጆቻችን ግን ይሄዳሉ። በሄዱበት ይጠየቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ በሚሰበሰበው የሐሙስ ጥናት ጉዳዩን ሦስት ጊዜ አንሥተነዋል። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ሦስተኛውን ግን ለሌላ ቡድን ባካፍለው አላፍርም። አቋሜን አልደብቅም፤ የመካነ ኢየሱስ፣ የአገራችን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመን ነኝ፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብዬ አምናለሁ። የተለየ አቋም ያለውም ሰው ግን በዚሁ መንገድ ማስጠናት የሚችል ይመስለኛል።

ከመቀመጣችሁ በፊት

ቡናውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ከጅማ የሚመጣ ምክር አይመስልም፤ አውቃለሁ። ግን ሲኒ እየዞረ፣ ቆሎ እየታደለ፣ ረከቦቱ ዙሪያ «ስኳር አንሷል» እየተባለ ሮሜ ምዕራፍ 1 አይነበብም። የመጀመሪያው ጥናታችን የተበላሸው ግማሹ በዚህ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድፍረቷን ሰብስባ አንድ ነገር ጠይቃ ገና ሳትጨርስ ቶና ቀረበ፣ ወሬው ወደ ጀበናው ዞረ። ልጅቷ ሁለት ሐሙስ ቀረች። ግማሹን ያበላሸው ዝናቡ ነው። ሐምሌ ላይ የእኛ ከተማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለመሰማት መጮኽ ግድ ነው፤ የሚጮኽ ሰው ደግሞ ባይቆጣም የተቆጣ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ርእስ ለኅዳር አቆዩት።

ከዚያ አንድ ደንብ አስቀምጣለሁ፦ የማንም ስም አይነሣም። «እገሌ እኮ እንደዚያ ነው ይባላል» ብሎ የሚጀምር ካለ አፉን አዘጋዋለሁ። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋ በእስራት ያስቀጣል፤ ስለዚህ ሳሎኔ ውስጥ የተወረወረ ስም ሐሜት ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል። ማንንም ስለ ራሱ እንዲመሰክር አልጠይቅም። አሥር ሰው ከተቀመጠ ከአሥሩ አንዱ ጉዳዩ የራሱ ወይም የወንድሙ ሊሆን ይችላል ብዬ እናገራለሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር የቃላት ምርጫዬ ሳላስበው ይለወጣል። ቀልድም አይፈቀድም። ይህ ከሁሉ የከበደው በቡድናችን ያለውን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ተሳፋሪ እያሳቀ የሚኖር ልጅ፣ ዝም ማለት ሥራ ሆነበት።

ቃሉ ራሱ ተርጉሞ ጨርሷል

እንደ አማርኛ አስተማሪ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ግብረ ሰዶም» ስንል፣ መጽሐፉን ሳንገልጥ ፍቺውን ሰጥተናል። ቃሉ የአንድ ከተማ ታሪክ ይዞ ይመጣል፣ እኛም ሌሎቹን ጥቅሶች ሁሉ በዚያ ከተማ መስኮት እናያለን። ስለዚህ ጥናቱን ስጀምር ዘፍጥረት 19ን አስነብቤ «ሰዎቹ በር ላይ ሆነው ምን ሊያደርጉ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እንግዶችን አስገድደው ሊደፍሩ ነው። መሳፍንት 19 ላይ በጊብዓ ያሉ ወንዶችም ይህንኑ ሊያደርጉ መጥተው፣ በመጨረሻ የሌዋዊው ቁባት እስክትሞት ተደፈረች። ይህን ድርጊት ሚኒሶታ ያለው ፓስተርም አይባርክም።

በሌላ በኩል ሕዝቅኤልን ጠቅሶ «ሰዶም የጠፋችው ድሀ ስላልረዳች ብቻ ነው» የሚለውም ቸኩሏል። ቁጥር 50 ርኩስ ነገር አደረጉ ይላል፤ ይሁዳ 7 ደግሞ ዝሙትንና ሌላ ሥጋ መከተልን ያነሣል። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሰዶምን አምጥቶ፣ ተስማምተው ልጋባ በሚሉ ሁለት ሰዎች ላይ ማንበብ፣ የወንበዴን ፍርድ በባለዕዳ ላይ እንደ ማንበብ ነው። ዕዳ የለበትም አላልኩም። መዝገቡ ግን የእሱ አይደለም። በጥናታችን «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ» እንላለን፤ ረዘም ቢልም ምንም ቀድሞ አይፈርድም።

ከጋብቻ ጀምሩ

ብዙ ሰው ከክልከላው ይጀምራል። አታድርጉት። ዘፍጥረት 1፥27ን፣ 2፥24ን፣ ከዚያ ማቴዎስ 19፥3-6ን አስነብቡ። ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቆመው በእነዚህ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ጥቅሶች አጥሩ ናቸው። ከዚያ ጠይቁ፦ ጌታ እዚህ ላይ የተጠየቀው ስለ ምን ነበር? ስለ ፍቺ። ስለ ፍቺ ተጠይቆ ወደ ፍጥረት ለምን ተመለሰ? ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠራቸው ለምን ጨመረ? ቡድኑ በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ አልተጎዳም።

በሦስተኛው ጥናት እዚህ ላይ ስንደርስ አንዲት እህት «እንግዲህ ጥቅሱ መጀመሪያ የሚወቅሰው ፈተው ያገቡትን ነው» አለች። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከተቀመጥነው ሁለቱ ፈተው ያገቡ ናቸው፣ ሁለቱም ይቆርባሉ። ጸጥታውን አትስበሩት። በራሳችን ጓዳ ያለውን ጥቅስ በምሕረት እያነበብን በሰው ጓዳ ያለውን በጥብቅ የምናነብ ከሆነ፣ ልዩነቱ ምን እንደሆነ መናገር መቻል አለብን። ልዩነት አለ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ሳይጠየቁ የሚያውቁት ልዩነት አይደለም።

ቀላጭ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ 1 ቆሮንቶስ 6፥9። የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። «...ወይም ቀላጮች ወይም ከወንድ ጋር ዝሙት የሚሠሩ...» ይላል። ከዚያ «ቀላጭ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ ከስምንት ሰው አምስት ዓይነት መልስ ወጣ፤ አንዱ ቀልደኛ ማለት ነው አለ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያነበበውን ቃል እንደማያውቀው ሲያይ፣ ያን ጊዜ ለማጥናት ዝግጁ ይሆናል።

ግሪኩ «ማላኮይ» ነው፤ ለስላሳ፣ ስስ ማለት። ጌታ ማቴዎስ 11፥8 ላይ «ቀጭን ልብስ» የሚለው በዚሁ ቃል ነው። ስለ ሰው ሲነገር በዘመኑ ለተቀማጠለ፣ ለፈሪ፣ ለወንድ እንደ ሴት ለሚሆን ወንድ ይውል ነበር። ብቻውን ቢቆም ይህን ያህል ክብደት መሸከሙ ያጠራጥራል። አጠገቡ ያለው ቃል ግን «አርሴኖኮይታይ» ነው፤ አርሴን ወንድ፣ ኮይቴ መኝታ። ከጳውሎስ በፊት በተጻፈ በየትኛውም የታወቀ ጽሑፍ አይገኝም። ሁለቱ ቃላት ግን ዘሌዋውያን 20፥13 ላይ፣ ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ በተመለሰበት በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጳውሎስ ቃሉን ከዚያ ቀጥሎ ሠራው የሚሉት ብዙ ናቸው፣ እኔንም ያሳመነኝ ይህ ነው። የግእዙ ብሉይ ኪዳናችንም የተተረጎመው በዋናነት ከዚያው ከሰብዓ ሊቃናት መሆኑን ስነግራቸው፣ ለቡና ብቻ የሚመጡት የመሪጌታ ሚስት የነበሩት ጎረቤቴ ቀና አሉ። «እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ያልታወቀ መስሎሽ ነው?» አሉኝ።

እሳቸው ያሉት ሌላም ነገር አለ፣ ከዚያ ወዲህ ከአፌ አይጠፋም። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን አንድም ሲባል መጀመሪያ ነጠላው ይነገራል። ነጠላውን ሳታውቂ አንድም ማለት አትችዪም።» ነጠላው የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ነው፤ «አንድም» እየተባለ የሚጨመረው ደግሞ ሌላው ትርጓሜ። እኛ ጴንጤዎች ነጠላውን እንኳ ሳንጨርስ ወደ መልእክቱ እንሮጣለን።

ባጃጅ ነጂው የሚያነበው በአፋን ኦሮሞ ነው። በየጥቅሱ «የአንተ ምን ይላል?» ብዬ አስተረጉመዋለሁ። ሁለት ትርጉም ሲለያይ፣ ተርጓሚም ወስኖ እንደሚያልፍ ሰው በዓይኑ ያያል። ጅማ ለዚህ ተስማሚ ከተማ ናት፤ ሁለት ቋንቋ የማይሰማ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ዘሌዋውያን 18፥22 ላይ ብዙ አትቆዩ። ጥቅሱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ለምን እሱን ይዘን ሁለት ዓይነት ክር የተቀላቀለበትን ልብስ የሚከለክለውን 19፥19ን ተውን የሚለው ነው። የተለመደው መልስ የሥርዓት ሕግና የምግባር ሕግ ይለያያሉ የሚል ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ዘሌዋውያን ራሱ እንዲያ ከፋፍሎ አልጻፈውም። አዲስ ኪዳን የደገመውን እንይዛለን ማለት ይሻላል፤ በምዕራፍ 18 የተከለከለውን የአባትን ሚስት ማግባት ጳውሎስ 1 ቆሮንቶስ 5 ላይ እንዴት እንዳነሣው ማሳየት ይቻላል።

ሮሜ 1ን ስታነቡ ቁጥር 32 ላይ አትቁሙ፤ ሳትተነፍሱ 2፥1ን ጨምሩ። የምዕራፍ ክፍፍሉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገባ ነው፣ ጳውሎስ እዚያ ላይ አልቆመም። የሚያዳምጠውን ሰው «ልክ ነው! ልክ ነው!» አሰኝቶ ወዲያው «አንተ የምትፈርድ ሰው ሆይ» ይለዋል። ምዕራፍ 1ን ብቻ አንብቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ወጥመዱ ውስጥ ገብቶ መውጫውን ሳያይ ነው የሄደው። ይህ ግን ከ1፥26-27 ያለውን አይሰርዘውም።

የሌላውን ወገን ቃል በሌላው ወገን አፍ

የጥናቱ ልብ ይህ ነው። ከቡድኑ መካከል ከሁሉ አጥብቆ የሚቃወመውን ሰው ምረጡና የሚኒሶታው ፓስተር ጠበቃ አድርጉት። መመዘኛው አንድ ነው፦ ፓስተሩ አዌቱ ዳር ካለ ካፌ ተቀምጦ ቢሰማ «አዎ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው» ማለት አለበት። «ዓለምን ለማስደሰት ነው» ወይም «መጽሐፉን ስለማያምኑ ነው» ማለት አይቆጠርም። እኛ ጋ ጠበቃ ያደረግሁት አንድ የቡና ነጋዴ ነው። ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቶ መጣ፤ ከእኔ ይልቅ አሳመረው።

ያቀረበው ይህን ነበር። አንደኛ፣ ጳውሎስ በዘመኑ የሚያየው ጌታ ባሪያውን፣ ጎልማሳ ሰው ታዳጊውን ወንድ ልጅ የሚጠቀምበትን ነበር፤ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልክ በቃል ኪዳን መኖራቸውን አላነሣም። ሁለተኛ፣ ሮሜ 1 ላይ ያለው «ከባሕርይ ውጭ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ሮሜ 11፥24 ላይ እግዚአብሔር ራሱ የበረሀውን ወይራ ከባሕርዩ ውጭ ይተክላል። ሦስተኛ፣ ሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ቤተ ክርስቲያን ያልተገረዙትን የተቀበለችው መንፈስ ቅዱስ በሕይወታቸው የሠራውን አይታ ነው። አራተኛ፣ ስለ ባርነት እኛም ንባባችንን ለውጠናል።

ከዚያ መልስ። ሮሜ 1፥26 ሴቶችን ይጠቅሳል፤ የጌታና የባሪያው ክርክር እዚያ ላይ ይላላል። ሐዋርያት ሥራ 15 ያልተገረዙትን ሲቀበል በዚያው ደብዳቤ ከዝሙት ራቁ ይላል። ባርነትን በተመለከተ መጽሐፉ ራሱ የሚቃወመው ዘር ይዟል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደግፍ ጥቅስ የለም። አሜሪካዊው የአዲስ ኪዳን ሊቅ ሪቻርድ ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1996 ነባሩን አቋም በጽሑፍ ከደገፉት ታዋቂዎች አንዱ ነበር፤ በ2024 ከልጁ ጋር ሆኖ አቋሙን ለወጠ። ሲለውጥ ግን ጥቅሶቹ ሌላ ይላሉ ብሎ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ምሕረት በመጽሐፉ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል ብሎ ነው። ክርክሩ በእርግጥ ያለው እዚህ ላይ መሆኑን ቡድናችሁ ካየ፣ ብዙ አይቷል።

ማን ምን ወሰነ

ይህን በአሥር ደቂቃ ጨርሱት፤ ግን በትክክል። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ለማጋባት ወሰነች። በዚያው ዓመት ነሐሴ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባለ የዘለቀ ኅብረት የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት እንዲሾሙ ፈቀደች፤ በውስጧ ግን የተለያየ ኅሊና እንዳለ አምና፣ ተቃዋሚዎችም ቦታ እንዲኖራቸው አደረገች። ልጅቷ ባለችበት ቤተ ክርስቲያንም የማይስማሙ አሉ ማለት ነው። መካነ ኢየሱስ በጥር 2005 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱም ጋር የነበራትን ግንኙነት ማቋረጧን አጸደቀች። ቀላል አልነበረም፤ የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፣ ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው እነሱ ባቆሙት ነው። ሦስቱም ግን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ሆነው ቆይተዋል። ካቶሊኮች ዘንድ ቫቲካን በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ ለጥንዶቹ ቡራኬ መስጠት ይቻላል፣ ጋብቻ ግን አይደለም አለ፤ የአፍሪካ ጳጳሳት በወሩ በአህጉራችን አንሠራበትም ብለው መለሱ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዘንድ ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ስለሆነ ጥያቄው ለውይይት አልቀረበም።

እኛን የሚጠይቀን

ነባሩን አቋም የያዝን ሰዎች የምናስተምረውን ዋጋ ቆጥረን እናውቃለን? አንድን ሰው ብቻህን ኑር እንላለን። በዚያው አፋችን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ወንድም በየእሑዱ «መቼ ነው የምንበላው?» እያልን እናሳድደዋለን። ኦርቶዶክሱ ቢያንስ ገዳም አለው፤ ሳያገቡ መኖር የክብር ስም አለው። እኛ ጋ ያላገባ ሰው የወጣቶች ኅብረት ሲያልፈው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ጥናቱ ይህን ካልነካ፣ የሰውን ዕዳ ብቻ እያሰላን ነው።

የመጨረሻውን ሐሙስ ለሐዋርያት ሥራ 8 አድርጉት። ሰውየው ኢትዮጵያዊ መሆኑን በኩራት እንናገራለን፤ ጃንደረባ መሆኑን ግን ምላሳችን ይዘለዋል። ዘዳግም 23፥1 እንዲህ ያለውን ሰው ከጉባኤ ያስወጣል፤ ኢሳይያስ 56 ደግሞ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጠዋለሁ ይላል። አንዱ ወገን ይህን አንብቦ «እነሆ፣ የተከለከለው ገባ» ይላል። ሌላው «የተሰጠው ስም እንጂ ትዳር አይደለም» ይላል። ሁለቱም ከጽሑፉ ነው ያነበቡት። ያቺ ሁለት ሐሙስ የቀረችው ተማሪ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ «እኛ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ ግን ፊልጶስ የት ያስቀምጠው ነበር?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ አልነበረኝም።

ለሚኒሶታዋ ልጅ ሁለተኛ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ሁለት ጊዜ ቀድቼ ሰርዤ፣ በሦስተኛው ተቀመጠልኝ። የእነሱን ሐሳብ መጀመሪያ፣ የእኛን ቀጥሎ፣ የራሴን መጨረሻ አደረግሁት። ማታ መለሰችልኝ፦ «ቲቸር፣ ተርጉሜ ለፓስተሩ ላሰማው?» አሰሚው አልኳት። የሽንኩርቱን ጊዜ ግን እንድታጠፋልኝ ለመንኳት።